ከጣውላው ግድግዳ ወዲያ

እናት ሻይ አፈላች፤ ልጅ የሸሚዟን ኮሌታ ተኮሰች። ዳቦ ቀርቦ ልጅ አንዴ ገመጠችና ተወችው።

«እማዬ፣ ተማሪዎቹ ቢስቁብኝስ?»

«በባዶ ሆድሽ ከሄድሽ ነው የሚስቁብሽ። ብይ።»

እንደማንኛውም ጠዋት በሩን ቆልፈው ወጡ። የተለየ ነገር ቢኖር ዛሬ ሁለቱም ወደ አንድ ትምህርት ቤት መሄዳቸው ነው። ልጅ የሙከራ ትምህርት ልትሰጥ ነው። ርዕሰ መምህሩ ኋላ ተቀምጠው ያዩዋታል፤ ከወደዷት ትቀጠራለች፣ ካልወደዷት ደህና ሁኚ ነው። የደረሳት ክፍል ደግሞ አባቷ እስኪያርፍ ድረስ እንግሊዝኛ ያስተምርበት የነበረው ነው። እናቷ የምታስተምረው ከዚያው ቀጥሎ ነው። የሚለያቸው ስስ የጣውላ ግድግዳ ማስነጠስ እንኳ አያስቀርም።

እናት ለተማሪዎቿ በዝምታ የሚነበብ ምንባብ ሰጠችና ወንበሯን ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረገች።

የልጇ ድምፅ መጀመሪያ ቀጠነ። በእንግሊዝኛ ዓላማና ውጤት እንዴት እንደሚለያዩ እያስረዳች ነው። አንድን ነገር አስበንበት ስናደርግ «ሶ» እና «ዛት» የሚሉት ቃላት ጎን ለጎን ይቆማሉ አለች። «እስቲ አንድ ሰው ይሞክር።»

በሁሉ ነገር ስለሚከራከር ጠበቃው የሚሉት ተማሪ ተነሳ፤ እናት ከሳሉ አወቀችው። ዝናቡ ትምህርት እንዲቀር ብሎ ዘነበ የሚል ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ሠራ።

«ዝናቡ አስቦበት ነው የዘነበው?»

«አዎ ቲቸር! ለእኔ ሲል ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «ጠበቃው! ጠበቃው!» እያሉ ዴስክ ደበደቡ። የልጇ ድምፅ በጫጫታው ተዋጠ። እናት መልሱን በከንፈሯ አዘጋጀች፤ እንዲህ ላሉ ቀልደኞች ስንት ዓመት ስትመልሰው የኖረችው ነው። ሄዳ በሩን ብታንኳኳ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ተነሳች።

«ጠበቃ ነህ አሉ» አለች ልጇ፣ ሳትቸኩል። «እንግዲያው ደንበኛህን አቅርበውና ይመስክር። አስቤበት ነው ካለ ረታህ።»

ሳቁ አሁን ወደ እሷ ወገን ዞረ።

«ዝናብ አያስብም፤ ዝም ብሎ ይዘንባል። ስለዚህ ሶ እና ዛትን ለያያቸው። መሃል ላይ ዝናቡ ምን ያህል እንደበረታ ንገረንና ከዚያ ምን እንዳስከተለ።»

ጠበቃው ጥቂት አጉተመተመና አስተካክሎ ጮክ ብሎ አለው። ክፍሉ ተቀብሎ ደገመው።

ይህን እናት አላስተማረቻትም። አባቷም ሰሌዳ ላይ ሠንጠረዥ ያሰምር ነበር እንጂ ዝናብ ለምስክርነት ጠርቶ አያውቅም። የራሷ ነው። እናት በቆመችበት ቀና አለች።

«ቲቸር፣ እኛም እዚያ እንግባ?» አለች ፊት የተቀመጠች ተማሪ።

«አንብቢ» አለች እናት፤ ፈገግታዋ ግን አመለጣት።

ደወሉ ሲያበቃ ርዕሰ መምህሩ በበሩ ብቅ አሉ። «መምህርት፣ ልፈትናት ገብቼ ተምሬ ወጣሁ። ሰኞ ትጀምር።»

«ድምፅዋን ትንሽ ከፍ ብታደርግ ጥሩ ነው» አለች እናት።

«እርስዎ ደግሞ!» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

ተማሪዎቹ ወጡ። እናት ሰሌዳውን እያጠፋች ነገሩን ከጠበቃው ጀምራ እንዴት እንደምትተርከው በልቧ አሰናዳች፤ ሳቁ የቱ ጋ እንደሚመጣ፣ የቱ ጋ ዝም እንደምትል። ማታ ሰምቶ ይስቅላት የነበረው ባሏ ግን የለም።