የማይጸዳው ኮሪደር

ጸሐይወርቅ ቆሻሻ አይታ ማለፍ አትችልም። ይህ ጠባይዋ በባሕር ማዶ ሰፈሯ በክሬሰንት ታውን ጎረቤቶቿ ዘንድ አስከብሯታል፤ ከአለቆቿ ጋር ግን አስማምቷት አያውቅም።

በየማለዳው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የጽዳት ድርጅቱ መኪና ከበሯ ያነሳታል። አራት ቦታ ታዳርሳለች። የመጨረሻው ኢስት ዮርክ ውስጥ ያለ የተዘጋ አሮጌ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎቹ ከወጡ ዓመታት አልፈዋል፤ አዳራሹ ግን ለስብሰባና ለሰርግ ይከራያል። የእሷ ድርሻ አዳራሹና መጸዳጃ ቤቱ ነው፣ በቃ።

ሰኞ ዕለት መኪናው ሲያወርዳት፣ የመብራት ምሰሶው ላይ ቀስትና ሁለት ፊደል ያለበት ቢጫ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ከተማው ውስጥ ወረቀት የማይለጠፍበት ምሰሶ የለምና አልፋው ገባች።

ከአዳራሹ ጎን ያለውን ረጅም ኮሪደር ስታይ ክው አለች። አርብ ነጭ የነበረውን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ሻጋታ ወርሶታል። በሮቹ ዝገዋል። ወለሉ አመድ በአመድ ሆኗል። ያን ሁሉ ሻጋታ አፍንጫዋ አለማሽተቱ ገረማትና በጉንፋኗ አሳበበች።

ለተቆጣጣሪዋ ለሊዮ ደወለች። ኮሪደሩ ለሌላ ሰው ተከራይቷል፣ የእኛ ሥራ አይደለም፣ እንዳትነኪው አላት። እሺ አለች፤ ስልኩን ዘጋች፤ ባልዲውን ሞላች። ቅዳሜ ለሰርግ የመጣ እንግዳ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ቢያይ፣ የኪራዩን ውል አይጠይቅም፤ «የምታጸዳው ያቺ ሐበሻ ናት» ነው የሚለው። ይሉኝታ ደመወዝ የማይከፍል አለቃ ነው።

ሁለት ሰዓት ፈጀባት። ደግነቱ በሳሙና ውሃ ለቀቀላት።

ማክሰኞ ኮሪደሩ እንደነበረው ሆኖ ጠበቃት። አጠበችው። ረቡዕም እንዲሁ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነባት። ወገቧ ተቆረጠ፤ ከወገቧ በላይ ግን ንዴቱ ነበር የጎዳት።

ልጇን ብሩክታዊትን እንዳታማክራት መች ተገናኝተው! ልጅቷ ሥዕል ተምራ፣ ሁለት ዓመት ቡና ስትቀዳ ከርማ፣ በሙያዋ ሥራ ያገኘችው ገና አሁን ነው፤ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ። ዓለም ካለቀች በኋላ የተረፉ ጥቂት ሰዎች፣ ከሌላው ተለይተው አንድ ቦታ ሲኖሩ የሚያሳይ ነው አለቻት። ከዚያ በላይ ትንፍሽ አትልም፤ ላታወራ ፈርማለች። ሦስት ሳምንት ሙከራ ነው፤ ካለፈች ቋሚ ትሆናለች። ረፋድ ላይ ወጥታ የምትመለሰው እናቷ ከተኛች ወዲህ ነው፤ እናቷ ስትወጣ ደግሞ እሷ እንቅልፍ ላይ ናት።

ጸሐይወርቅ ልጇ የተዋናዮቹን መልክ የምትስል ይመስላታል። ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ሱቅ ላላት ለይመኙሻል ሳይቀር ነግራ፣ ድራማው ሲወጣ አብረን እናየዋለን ተባብለዋል። ልጇ ቋሚ ከሆነች ለማርያም ጃንጥላ ተስላለች። ልጅቷ መታጠቢያው ላይ የምትተወውን የቀለም ፍንጣቂ በየቀኑ ሳታጉረመርም ታጥባለች። ለልጅ ሲሆን ቆሻሻውም አያስጠላ።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ በግድግዳው ላይ ሐረግ ወጥቶ ተንጠልጥሏል፤ በጥር ብርድ! ሥሩን ብትፈልግ የለውም። ጎትታ አወረደችውና በቆሻሻ ከረጢት ጠቀጠቀችው። ይህ የሰው ተንኮል እንጂ የቤት እርጅና እንዳልሆነ ያን ጊዜ ቆረጠላት።

ሰውየውንም አወቀችው። የከሰዓት ተረኛው ሃብታሙ ነው። ባለፈው መስከረም የእሷን የማለዳ ፈረቃ ለእሱ እንዲሰጠው ሊዮን ለምኖ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ ደወለችለት።

«ምን አድርጌህ ነው ከእንጀራዬ የምታፈናቅለኝ?» አለችው።

የኮሪደሩን ነገር ስትዘረዝርለት ሃብታሙ ምሎ ተገዘተ።

«እትዬ ጸሐይወርቅ፣ ከሰኞ ወዲህ እዚያ ቤት ድርሽ አላልኩም። ሊዮ ራሱ የዚህን ሳምንት ፈረቃዬን ካንስል አድርጎብኛል። አይጥ በበላ ዳዋ አይመታ።»

አላመነችውም። ሌባ አልሰረቅሁም ቢል ማን ያምነዋል?

አርብ ማለዳ ከቤቷ ያለውን ሁሉ ይዛ ሄደች፤ ብረት ድስት የምትፈትግበትን ሽቦ ሳይቀር። እየተሳደበች ፈተገች። እንባዋ እየመጣ ፈተገች። ጣቷ ደማ። ጨርሳ ቀና ስትል ግድግዳው እንደ አዲስ ቤት አበራ። እስቲ አሁን ና አለች ለሃብታሙ፣ በሌለበት።

ቀትር ላይ ቤቷ ስትገባ ብሩክታዊት ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ጸሐይወርቅ በሳምንቱ ውስጥ ልጇን ነቅታ ስታገኛት የመጀመሪያዋ ነበር፤ ደስ አላትና ጫማዋን እያወለቀች የሆዷን ልትዘረግፍላት ጀመረች። አንድ ምቀኛ እንዴት ሲያቃጥላት እንደሰነበተ፣ ዛሬ ግን እንዴት ድል እንደነሳችው።

ልጅቷ አልሰማቻትም።

«ከሥራው ፋየር አደረጉኝ፣ እማዬ» አለች።

ጸሐይወርቅ አንድ እግሯ በጫማ፣ አንዱ በባዶ እንደሆነ ቆመች። ምን አጥፍተሽ አለቻት።

«እኔ እንጃ። ደጁ ላይ ቢጫ የቀረጻ ምልክት የተለጠፈበት አንድ የተዘጋ ትምህርት ቤት ኮሪደር አለ፤ ማታ ሻጋታና ዝገት አስመስዬ እቀባዋለሁ፤ በማግስቱ ካሜራው ሲመጣ ግድግዳው ነጭ ሆኖ ይገኛል።»