ኡርጌ አልገባም አለች

«ይሄ ሰው ከተመረጠ አገሬ አልመለስም!»

ሚስተር ዴቪስ ይህን ብሎ የቆረሰውን እንጀራ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ።

ጥቅምት 1961 ዓ.ም… መቱ ከተማ… የአስተማሪው የጋሽ አራርሳ ቤት።

ራዲዮው ስለ አሜሪካ ምርጫ ያወራል። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ «ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት አይማር» ሲል የኖረ ሰው ነው። የሚያጨበጭብለት ብዙ… የሚረግመውም ብዙ።

ምሳ ላይ ሁለት አሜሪካውያን ተጋብዘዋል።

ዴቪስ ጥቁር ነው። ከጋሽ አራርሳ ጋር እንግሊዝኛ የሚያስተምር ወጣት።

ሁለተኛው ሚስተር ክላርክ ነጭ ሽማግሌ ነው። የመንገድ ሥራ መካኒክ።

ደግነቱ! ከመቱ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ በቃሬዛ የሚመጣ በሽተኛ ካየ ሥራውን ጥሎ በጂፑ ሐኪም ዘንድ ያደርሳል። ከተማው «አባታችን» ነው የሚለው።

«እኔ ግን ድምፄን በፖስታ የላክሁት ለእሱ ነው» አለ ክላርክ ረጋ ብሎ።



ጋሽ አራርሳ ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው።

«እርስዎ?! ያን ሁሉ የእኛን በሽተኛ በክንድዎ ተሸክመው?»

«መርዳት ሌላ… ልጆችን አንድ ላይ ማስተማር ሌላ።»

ጋሽ አራርሳ ደማቸው ፈላ።

«ይሄ ኃጢአት ነው! ሁላችንንም የፈጠረ አንድ እግዚአብሔር ነው! ሰውን በዘሩ የሚጸየፍ ከእኔ ማዕድ አይቀርብም!»

ዴቪስ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እጁን በጋሽ አራርሳ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። እንዲህ የተቆረቆረለት ሰው አግኝቶ አያውቅም…

ክላርክ አልተቆጣም። በተከፈተው በር ወደ ግቢው አመለከተ።

«ያቺ ሴትዮስ?»

ሁሉም ዞሩ።

ካፊያው እየወረደባት… አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ በኮባ ቅጠል ትበላለች።

ሸክላ ሠሪዋ ኡርጌ ናት። የታዘዘችውን ድስት ስታመጣ የጋሽ አራርሳ ሚስት እትዬ ተጂቱ ምሳ ሰጥተዋታል።

«ለምን ቤት ገብታ አትበላም? ዝናብ ነው እኮ» አለ ክላርክ።

«እሱማ… ሸክላ ሠሪ ናት። ወጉ ነው… አይገቡም» አሉ ጋሽ አራርሳ።

«በሳህን ለምን አልተሰጣትም?»

እሷ የበላችበት ሳህን ላይ ከዚያ ቤት ማንም ደግሞ አይበላም…

«እዚህ ስኖር አይቻለሁ» አለ ክላርክ። «ደግ ሰዎች ናችሁ። ታበሏታላችሁ… ግን ቦታዋን ለይታችሁ ነው። እኔ የመረጥኩት ሰውም ከዚህ ሌላ ምን አለ?»

ዴቪስ ከጋሽ አራርሳ ትከሻ ላይ እጁን አነሳ… ቀስ ብሎ።

ጋሽ አራርሳ ዘለው ወጡ።

«ኡርጌ! ተነሺ! ግቢ… ከእኛ ጋር ነው የምትበዪው!»

ክንዷን ያዟት። ነክተዋት አያውቁም።

«ኧረ ምን ነካዎት! ጎረቤት እያየ!» አሉ እትዬ ተጂቱ ከበሩ ላይ።

ኡርጌ ክንዷን አስለቀቀች።

«ላኪ ጋሼ…» አለች በኦሮምኛዋ፤ «አይሆንም።»

«ለምን? እኔው ነኝ እኮ የምልሽ!»

ወደ በሩ አየች። ሁለቱ እንግዶች ቆመው ይመለከቷታል።

«የጠሩኝ ለእኔ ብለው አይደለም ጋሼ። እነሱ ስላዩዎት ነው።»

ጋሽ አራርሳ ወደ እንግዶቹ ዞር አሉ። ኡርጌ ቀጠለች።

«ልጄ ሽብሬ የሞተች ጊዜ መጥተዋል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ከአጥሩ ውጭ ቆመው ነው ‹እግዜር ያጥናሽ› ያሉኝ። ያን ቀን ገብተው አጠገቤ ቢቀመጡ ኖሮ… ዛሬ ሳይለምኑኝ እገባ ነበር።»

ባዶ ቅርጫቷን አዝላ ሄደች።

ዴቪስም ምሳውን ሳይጨርስ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት ሲገናኙ ሰላምታ ይሰጣቸዋል… ሌላ ቃል የለም።

ያ ተወዳዳሪ ምርጫውን ተሸነፈ።

ጋሽ አራርሳ ዜናውን ብቻቸውን ሰሙ። ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር… ደስታው ግን አልመጣም።

ኡርጌ ያንን ግቢ ዳግመኛ አልረገጠችም። በእሷ ፈንታ ሌላ ሸክላ ሠሪ መጣች።

እትዬ ተጂቱ ጎረቤት ፈርተው እሷንም ደጅ አስቀመጧት።

ጋሽ አራርሳ በመስኮት አዩ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ…

መልሰው ዘጉት።

ወዳጆቼ… ባሕር ማዶ ያለውን ዘረኛ መርገም ምንም አያስከፍለንም። የራሳችንን ደጅ ማየት ነው የሚከብደው። አይተንም ከዘገየን ደግሞ… የበደልነው ሰው እኛን የመጠበቅ ዕዳ የለበትም።

እናንተ ኡርጌን ብትሆኑ ያን ቀን ትገቡ ነበር… ወይስ አትገቡም? ከልባችሁ ኮሜንት ላይ ንገሩን።