ፈጣን ፎርማት

ታዲዮስ የሚስቱን የሰላማዊን ፀጉር ከኋላ ጨምድዶ ይዞ ፊቷን ወደ ላፕቶፑ ይደፍቃል። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ ደሟ በአገጯ ወርዶ ኪቦርዱ ላይ ጠብ ይላል።

«ክፈቺው አልኩሽ!»

ትከፍተዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ተደብቃ ያነሳቻቸው ፎቶዎች ስክሪኑን ይሞሉታል። ያበጠ ዓይን። የቀበቶ ሰንበር የተጋደመበት ጀርባ። ዓይደር ሆስፒታል ደጃፍ ላይ፣ በጄሶ የታሰረ ክንድ። የድምፅ ቅጂዎችም አሉ፤ እሱ ሲሳደብ፣ እሷ ስትለምን። ይህ ሁሉ ያለበትን፣ አሁን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር የተያያዘውን ዲስክ ዛሬ ጠዋት ከብርድ ልብስ መሃል ያገኘው ከጠበቃዋ ወረቀት ጋር ነው። የፍርድ ቤት ቀጠሮው ረቡዕ ነው።

«ይሄን ነው ለዳኛ የምታሳዪው? እኔን፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩን?» ግንባሯን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ያጋጨዋል። «አጥፊው። ዲሊት እንዳትይኝ ደግሞ፤ እሱ እንደሚመለስ አውቃለሁ። ፎርማት አድርጊው፣ ዓይኔ እያየ!»

ሰላማዊ ሓወልቲ አካባቢ ባለ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ፎርማት የሚለውን ስትነካ የምትመጣውን ትንሽ መስኮት ዓይኗን ጨፍናም ታውቃታለች። ከታች በኩል አንዲት ሳጥን አለች፤ ውስጧ የራይት ምልክት አለ። ፈጣን ፎርማት ማለት ነው። ምልክቷ ካለች ኮምፒውተሩ የሚያጠፋው ማውጫውን ብቻ ነው፤ የመጽሐፍን ማውጫ ገንጥሎ እንደ መጣል። ገጾቹ ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ እዚያው ናቸው፤ የሚያውቅበት ሰው ፈልጎ ያወጣቸዋል። ምልክቷ ከተነሳች ግን ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላዋል። ያን ጊዜ እሷም ብትሆን ምንም አትመልስም።

«ይቺ ምንድን ናት?» የታዲዮስ ጣት ሳጥኗ ላይ ያርፋል።

ብትዋሽ ድምጿ እንደሚያሳብቅባት ታውቃለች።

«ታፈጥነዋለች።»

«ያለሷስ?»

«አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል።»

«ስድስት ሰዓት እዚህ ልገተርልሽ ነው? አፍጥኚው!»

ትነካዋለች። አሥር ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ዲስኩን መልሳ ስትከፍተው ውስጡ ምንም የለም። ታዲዮስ ፀጉሯን ይለቅና ይስቃል። ከወንበሩ ገፍትሮ ወለሉ ላይ ይጥላትና ራሱ ይቀመጥበታል።

«በይ እንግዲህ፣ ለዳኛሽ ባዶ ዲስክ አሳዪው።» ላፕቶፑ ላይ ያጠራቀማቸውን ፊልሞች በሙሉ መርጦ ወደ ዲስኩ መገልበጥ ይጀምራል። «ይሄ ሁሉ ቦታ ለምን ይባክናል?»

አረንጓዴው መስመር ይንቀሳቀሳል። አንድ በመቶ። እያንዳንዱ ፊልም ዲስኩ ላይ የሆነ ቦታ ያርፋል፤ ያረፈበትንም ላይመለስ ይደመስሰዋል። አሁን የትኛው እየሄደ ነው? ጀርባዋ? ክንዷ? የዚያን ቀን የለመነችው ልመና? ሦስት በመቶ።

ሰላማዊ ተስፈንጥራ ገመዱን ትነቅለዋለች።

የመጀመሪያው እርግጫ ጎድኗን ያገኘዋል። ዲስኩን ከሆዷ ሥር አድርጋ ትጠቀለላለች። ሁለተኛው ወገቧን፣ ሦስተኛው ጆሮዋን። ከዚያ በኋላ የእሱን ድምፅ የምትሰማው ከሩቅ ነው።

«አንቺ እብድ! ባዶ ነው እኮ! ለባዶ ዲስክ ትሞቻለሽ?»

ድንገት ይቆማል። ላፕቶፑን ያያል፤ እሷን ያያል።

«ባዶ አይደለም ማለት ነው» ይላል በዝግታ። ጥግ ያለውን ዱካ፣ ከባዱን የእንጨት መቀመጫ፣ አንስቶ ከፍ ያደርገዋል። «አምጪው።»

በሩ ብርግድ ብሎ ይከፈታል። አከራያቸው አደይ ለተኪዳን ናቸው፤ ከኋላቸው የፊተኛው ክፍል ተከራይ፣ ባጃጅ ነጂው ከፋለ። አደይ ለተኪዳን በእነዚህ ሁለት ዓመታት ስንት ጊዜ አንኳኩተው «ደህና ናችሁ?» ብለዋል፤ ስንት ጊዜ «ደህና ነን» ተብለው ተመልሰዋል። ዛሬ አላንኳኩም።

«ኣታ! ተዋት!»

«አደይ፣ የባልና የሚስት ነገር ነው። አይግቡበት።»

«ቤቱ የኔ ነው» ይላሉ፤ ከዚያም ሄደው ሰላማዊ ላይ ይደፋሉ። ዱካው ሲወርድ ትከሻቸውን ያገኘዋል። ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። አሮጊቷ አይጮኹም፤ የበለጠ ይጫኗታል። ከፋለ የታዲዮስን አንገት በክንዱ ቆልፎ ከግድግዳው ጋር ያላትመዋል፤ መልሶ ያላትመዋል፤ ዱካው ከእጁ እስኪወድቅ፣ ጉልበቱም እስኪከዳው ድረስ።

«ውጡ!» ይላል ከፋለ እያለከለከ። «ባጃጇ ውስጥ ግቡ። ፖሊስ እስኪመጣ አልለቀውም!»

ደጅ ፀሐይዋ ታሳውራለች። የግቢው ሰው ወደ ቤቱ ይሮጣል። ሁለቱ ሴቶች ተደጋግፈው ባጃጇ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አደይ ለተኪዳን ግራ ክንዳቸውን ማንሳት አልቻሉም። የሰላማዊ ጣቶች ዲስኩ ላይ ደርቀዋል፤ ልክፈታቸው ብትልም እሺ አይሏትም። ጥቂቱ ሄዷል፤ የቱ እንደሄደ አታውቅም። የቀረውን ግን ታወጣዋለች፤ ነገ፣ በገዛ እጇ።

አደይ ለተኪዳን በደህናው እጃቸው የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ወደ ፊቷ ይዘረጋሉ። «ደምሽን ልጥረግልሽ፣ ጓለይ፣ ልጄ።»

ሰላማዊ እጃቸውን ትይዘዋለች።

«አይጥረጉት አደይ።» ስልኳን ከኪሷ አውጥታ መዳፋቸው ላይ ታስቀምጠዋለች። «መጀመሪያ ፎቶ ያንሱኝ።»

«የቱን ነው የምነካው?»

«ነጯን ክብ።»

አሮጊቷ ስልኩን ከፍ ያደርጉታል። ሰላማዊ ፊቷን ወደ ፀሐይዋ ታዞርና ያላበጠውን ዓይኗን ትገልጣለች።