አዲሷ የቀየረቻቸው ስሞች

ይህን ያወራችኝ የባሌ እህት ናት። የአውቶቡስ ትኬት የሚቆርጥ ፕሮግራም በሚሠራ ቢሮ ውስጥ ጽዳት ናት፤ መጥረጊያዋ ወለሉን ሲጠርግ ጆሮዋ ወሬውን ይጠርጋል።

ፕሮግራሙን ከመሠረቱ የጻፈው ጋሽ ቁልፍ ነው። ቁልፍ ያሉት ከእሱ በቀር ኮዱን የሚፈታ ስለሌለ ነው። እዚያ ቤት አንድ ሥራ የምትሠራን የኮድ ቁራጭ ፈንክሽን ይሏታል። እሱ ታዲያ «ትቅ3»፣ «ወመ» እያለ ሲሰይማቸው ኖረ። ሌላ ሰው ሲያየው የጠንቋይ ጽሑፍ ነው። ማን ደፍሮ ያባርረው?

ከዚያ አዲሷ ልጅ መጣች። ስሞቹን አንድ በአንድ ትቀይር ጀመር። «ትቅ3» የነበረችው «ያለፈበትን ትኬት ሰርዝ» ሆነች። አሁን የመጣ ሁሉ ያነበዋል።

ቢሮው ተንሾካሾከ።

«ሽማግሌውን ልትነቅለው ነው» አለ ሒሳብ ሹሙ።

«አላልኩህም? ያ ፈገግታዋ ገና ስትገባ አላማረኝም» አለች ጸሐፊዋ።

ጋሽ ቁልፍም የነቃባት መሰለ። ስክሪኑን አጥፍቶ ይቀመጣል፤ እንዳትሰርቀው ነው አሉ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ማንንም ቀና ብሎ አያይም፤ አኩርፏል አሉ። ይባስ ብሎ ሚስቱ ጠዋት ጠዋት ክንዱን ይዛ እስከ ጠረጴዛው ታደርሰው ጀመር። እሷም ልጅቷን ጠርጥራ ነው ተባለ። የባሌ እህት «በዚህ ዕድሜ ሙሽርነት» ስትለኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ወሬው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ደረሰ። ልጅቷን ሰው ሁሉ ፊት አቆማት።

«የሰው ልፋት ማበላሸት ማን አስተማረሽ? ዕቃሽን ሰብስቢ።»

ልጅቷ ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች። ማዳመጫውን አውልቆ የተናገረው ጋሽ ቁልፍ ነው።

«ቀይሪልኝ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«ጋሼ፣ አይዘኑላት። ሥራዎን ልትነጥቅዎት እኮ ነው።»

«እሷማ ሥራዬ ላይ ያቆየችኝ ናት። ኮዱን ኮምፒውተሩ ነው በጆሮዬ የሚያነብልኝ። ‹ወመ›፣ ‹ትቅ› ሲለኝ የገዛ ሥራዬን ማወቅ አቃተኝ። ማንም እንዳይሰማ ደብቂልኝ ብያት ደበቀችልኝ።»

«ማንበቡን ለምን ለኮምፒውተር ሰጡት?»

ልጅቷም ጋሽ ቁልፍም ዛሬም እዚያው ይሠራሉ፤ የእሱ ዓይን ማየት ካቆመ ግን ያኔ ራሱ ዓመት አልፎት ነበር።