የጋሽ መዝገቡ ጥግ

ጋሽ መዝገቡ የካፌውን በር እንዳለፉ ቀጥ ብለው ቆሙ። እስከ ትናንት አምስት ጠረጴዛ የነበራት የአስራ ስምንት ማዞሪያዋ ካፌ በችፑድ ግድግዳ ለሁለት ተከፍላለች። በዚህ በኩል የቀረው የቡና ማሽኑና ሰው ቆሞ የሚጠጣባት አንዲት ባንኮኒ ብቻ ነው። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የሚቀመጡባት ጥግ ከግድግዳው ወዲያ ቀርታለች፤ ከዚያ የሚሰማው ደግሞ የስፌት መኪና ነው።

"አከራዩ ኪራዩን እጥፍ አደረገው፣ ጋሼ" አለች ባለካፌዋ ራኬብ ማሽኑን እየወለወለች። "ግማሹን ለልብስ ሰፊ ባላካፍል ኖሮ ዛሬ ተዘግቶ ነበር የሚያገኙት።" ድምጿ ውስጥ ማማረር የሚባል ነገር አልነበረም።

"ጎበዝ ልጅ" አሉ ከልባቸው። ቆሞ ለመጠጣት ግን ጉልበታቸው እሺ አይልም። ይህን መናገር እሷን መውቀስ መሰላቸውና ባርኔጣቸውን አስተካክለው ሊወጡ ዞሩ።

"የት ሊሄዱ ነው? በጎን ባለው በር ይግቡ እንጂ" አለቻቸው።

ግራ እንደገባቸው ዞረው ገቡ። ልብስ ሰፊው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ሰላም አላቸው። በተጠቀለሉት ጨርቆች መሃል ያቺ ወንበራቸው እዚያው ጥጓ ላይ ነበረች። ከአጠገቧ ችፑዱ ተቆርጦ አንዲት ትንሽ መስኮት ወጥቶበታል። መስኮቷ ተከፈተችና የራኬብ እጅ ማኪያቷቸውን ይዞ ብቅ አለ።

ጋሽ መዝገቡ ስኒውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። "ቦታ አላጣበብኩብህም፣ ልጄ?" አሉ ልብስ ሰፊውን።

"ኧረ በፍጹም" አለ እሱ ወደ መኪናው እየተመለሰ። "ቤቱን ስታከራየኝ እኮ ከነእርስዎ ነው፣ አባባ።"