ከወንዙ ዳር የቆመው ሰውዬ

«ጎደለ?» አሉ አባቷ፣ ገና በሩን ሳያልፉ።

«ገና አልከፈትኩትም፣ አባዬ። ይቀመጡ እስቲ።»

ፀደይ በርጩማውን ሳበችላቸው። አቶ ጎበዜ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው፤ ከመንደራቸው ወረታ ከተማ ለመድረስ ግማሹን በታንኳ፣ ግማሹን በእግራቸው መጥተዋል። ነሐሴ ነው። ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ ወደ ጣና ላየ ሰው፣ የፎገራ ሜዳ ሩዙም መንገዱም በውኃ ጠፍቶ ሰማዩ መሬት ላይ ተነጥፏል፤ ከብቶቹ ደመና የሚግጡ ይመስላሉ።

ሱቁ የወንድሟ የባየህ ነበር። ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ብሎ የከፈተው እሱ ነው፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ የሚጫወታት አንዲት የድሮ የኮምፒውተር ጨዋታም ነበረችው። ተኩስ የላት፣ ሩጫ የላት፤ አንድ ባርኔጣ የደፋ ትንሽ ሰውዬ አገር ለአገር እየዞረ ዕቃ ይለቅማል፣ ያገኘውን ያነጋግራል፣ እንቆቅልሽ ይፈታል። የሚያዘው ሲያጣ ፊቱን ወደ ተጫዋቹ አዙሮ ዝም ብሎ ያያል። አንድ ቀን ይኸው ሰውዬ የሞላ ወንዝ ዳር ደርሶ ቆመ። ለገበያ የመጡት አቶ ጎበዜ በልጃቸው ትከሻ ላይ አጮልቀው አዩና ፈረዱ፦ «የሞላ ውኃ አይደፈርም። እስኪጎድል ይጠብቅ።»

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «ጎደለ?» ይላሉ፤ ባየህም ሳቁን ውጦ «ገና ነው፣ አባዬ» ይላል። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ወንዝ እስኪጎድል የሚጠብቅ ከፎገራ ሰው በቀር ማን ይገኛል!

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ እንዲሁ በነሐሴ፣ ባየህ ደወለላቸው። «ቅዳሜ ይምጡ፣ የማሳይዎ ነገር አለኝ።» የርብ ወንዝ ሞልቶ መንደራቸውን ከበበው። አቶ ጎበዜ እስኪጎድል ጠበቁ። ባየህ ታመመ ሲባል በአራተኛው ቀን ሞተ፤ መንገዱ ተከፍቶ አባት ሲደርሱ ሣልስቱም አልፎ ነበር። «ምን ሊያሳየኝ ነበር?» ይላሉ እስከ ዛሬ፣ ሲተኙም ሲነሡም።

የባየህ ኮምፒውተር ከእሱ በኋላ ብዙ አልቆየም። ፀደይ ጨዋታዋን ገልብጣ ብታስቀምጣትም አዲሱ ኮምፒውተር አልቀበልም አለ። በዚህ ሳምንት ግን ደንበኛዋ መምህር አበረ አንድ ፕሮግራም በፍላሽ አመጣላት፤ ጨዋታዋን ድሮ ያስነሣ የነበረውን ተክቶ የሚሠራ።

«እንዴት ነው የሚተካ?» አሉ አባቷ።

«ሞፈርና ቀንበሩ የድሮው ነው። በሬው አዲስ ነው።»

«እ! እንዲያ በይኛ።»

«ግን አባዬ፣ ጨዋታዋ ብትነሣም ባየህ ያቆመበት ቦታ እምቢ ሊል ይችላል። እንዳያዝኑ።»

«ክፈቺው።»

ጠቅ አደረገች። የኮምፒውተሩ መስኮት ጠቆረ። ከዚያ ያቺ ቀጭን ዜማ ከድምፅ ማጉያው ወጣች፤ ባየህ እያፏጨ የሚከተላት ዜማ። ሱቁ በአንድ ጊዜ የእሱ ሆነ። የተቀመጡትን ጨዋታዎች ዝርዝር ስትከፍት አንድ ብቻ አገኘች፤ ባየህ በላቲን ፊደል ስም ሰጥቶታል።

«‹አባዬ ሲመጡ› ይላል።»

አቶ ጎበዜ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ መስኮቱ ተጠጉ። እሷም ከፈተችው።

ወንዙ ወጣ። ሰውዬው ዳር ላይ ቆሟል፤ ውኃው እንደ ሞላ ነው።

«አልጎደለም» አሉ አባቷ፣ ድምፃቸው ሰልሎ።

ፀደይ የሰውዬውን ከረጢት ከፈተች። ባየህ ከየአገሩ ሲለቅመው የከረመው ሸምበቆና ገመድ አንድ ላይ ታስሯል።

«አባዬ፣ ታንኳ ሠርቶ ነበር። ጨርሶታል። ውኃው ላይ ማኖር ብቻ ነው የቀረው። እርስዎን ነው የጠበቀ።»

እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ፤ አልጠረጉትም።

«እኔ ውኃውን ስጠብቅ…» ብለው ተዉት። ቆይተው፣ «አሻግሪው» አሉ።

«እርስዎ ያሻግሩት።»

ሩዝ ሲያርም የኖረ እጃቸውን ማውሱ ላይ አኖረችላቸው፣ የእሷንም ከላይ ደረበች። ጠቅ አደረጉ። ታንኳው ከውኃው አረፈ፤ ሰውዬው ወጣበት፤ ማንም ሳይቀዝፍለት ቀስ እያለ ሄደ። ከደጅም ከመስኮቱም ውኃ ብቻ ነበር የሚታየው።

«ደረሰ?»

«ደረሰ፣ አባዬ።»

ሰውዬው ከማዶ ወረደ። ጥቂት ራመድ አለና ፊቱን ወደ እነሱ አዙሮ ቆመ።