ለሁለት አንድ ቆሽት

እማማ ደብሪቱ ቆሽታቸውን በጽኑ ለታመመችው የልጅ ልጃቸው ለናርዶስ ካዋሱ ወዲህ ሻያቸውን ያለ ስኳር ነው የሚጠጡት። አንድ ቆሽት ለሁለት ስለሚሠራ፣ ከሁለቱ አንዳቸው ጣፋጭ ከቀመሱ እማማ እጃቸው ላይ ያሰሩት የስኳር መለኪያ አምባር ይጮሃል። ልጅቷ ግን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም።

ዛሬ ጠዋት አምባሩ ጮኸ።

«እማማ፣ ዛሬም ማር ላሱ እንዴ?» አለች ጩኸቱን ሰምታ ወደ ናርዶስ አልጋ የመጣችው ነርስ።

«ትናንት ልሻለሁ፣ አልዋሽሽም። ዛሬ ግን አልነካሁም።»

«እስቲ የማሩን ብልቃጥ ያምጡ።»

እማማ እያጉረመረሙ ከናርዶስ ትራስ ሥር የሸሸጉትን ብልቃጥ ፈለጉ። ክዳኑ ተከፍቷል። ቀና ቢሉ የልጅቷ ጣት በማር ተለውሷል፤ ዓይኖቿም ተገልጠው ይስቃሉ።

እማማ ቶሎ ብለው ጣቷን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«እኔ ነኝ የላስኩት፤ ምን ታመጫለሽ?» አሉ፣ ሳቃቸውን እያፈኑ።